የሚወጣበት ቀን ያልተጻፈለት ካቴተር

በስዊድን ማንኛውም የጤና አገልግሎት ሰጪ ተቋም በየዓመቱ እስከ ማርች 1 ድረስ የታካሚ ደኅንነት ሪፖርት የማዘጋጀት ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ግዴታውን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2011 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የታካሚ ደኅንነት ሕግ ነው። ሪፖርቱ ባለፈው ዓመት የደኅንነት ሥራው እንዴት እንደተከናወነ፣ ምን እርምጃ እንደተወሰደና ምን ውጤት እንደተገኘ ማሳየት አለበት፤ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁሉም ክፍት ነው። ሕጉ ስለ ሽንት ካቴተር በስም አይናገርም፤ ወደ እያንዳንዱ የሕክምና ዕቃ እንዲወርድም አይጠበቅም። ስለዚህ የአንድ የስቶክሆልም ክልል ምክር ቤት አባል ረዳት «በዚህ ሆስፒታል ባለፈው ዓመት ለስንት ታካሚ ካቴተር ገባ? ስንት ቀንስ ቆየ? የገባበት ምክንያት የተጻፈለት ስንቱ ነው?» ብሎ ሪፖርቱን ቢያገላብጥ፣ መልሱ እዚያ እንዲገኝ የሚያስገድድ የሕግ አንቀጽ አያገኝም።

ጥያቄው ለምክር ቤት የማይመጥን ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሆስፒታል ከሚያዙ ኢንፌክሽኖች መካከል በብዛታቸው ከሚታወቁት አንዱ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ከሚያዙት የሽንት መስመር ኢንፌክሽኖች 75 ከመቶ ያህሉ ከካቴተር ጋር የተያያዙ ናቸው። በስዊድን ከ2008 ጀምሮ በሆስፒታሎች በተካሄዱ የአንድ ቀን ቆጠራዎች፣ አልጋ ከያዙት ታካሚዎች ከአሥር አንዱ ያህል ሊታከምበት በገባበት ቦታ የያዘው ኢንፌክሽን ተገኝቶበታል። የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶችና ክልሎች ማኅበር በየዓመቱ በዚህ ዓይነት ኢንፌክሽን የሚጠቁትን ሰዎች ወደ 65,000 ገምቷቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ማስቀረት ይቻል ነበር የሚለው አከራካሪ ነው። በካቴተር በኩል የሚመጣው ግን ክርክር ከሚያንስባቸው ወገን ነው፤ ምክንያቱም በሩን የሚከፍተው ዕቃ የሚታይ፣ የሚቆጠርና ሊወጣ የሚችል ነው።

ካቴተር በሽንት መውጫ በኩል ወደ ሽንት ፊኛ የሚገባ፣ ከገባ በኋላም በውኃ በምትሞላ ትንሽ ኳስ ተይዞ የሚቀመጥ ቱቦ ነው። በስዊድን ሆስፒታሎች የሥራ ቋንቋ «ካድ» ይባላል። የዛሬው ቅርጹ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ በ1930ዎቹ ከሠራው ብዙም አልራቀም። ሽንቱ ለታገደበት ሰው፣ ለከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ሽንቱ በየሰዓቱ መለካት ላለበት ጽኑ ሕሙም፣ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ሆኖ መገላበጥ ለሚያሠቃየው ታካሚ ካቴተር ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ጤናማ የሽንት መስመር ራሱን የሚጠብቀው በመፍሰስ ነው፤ ፊኛው ሞልቶ ባዶ በሆነ ቁጥር ሽቅብ የወጣውን ባክቴሪያ ጠርጎ ያወጣል። ካቴተር ይህን ጠረጋ ያስቀረዋል። ባክቴሪያው በቱቦው ውስጥና ውጭ ተለጥፎ አንቲባዮቲክ በቀላሉ የማይሰብረው ልጥልጥ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑን ይዞም ወደ ፊኛ ይወጣል። ካቴተሩ በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ባክቴሪያ በሽንት ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 ከመቶ ይጨምራል፤ ወር ሲሞላ ባክቴሪያ የሌለበት ሽንት ማግኘት ብርቅ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። የተወሰኑት ግን ትኩሳት ይነሣባቸዋል፣ ኩላሊታቸው ይታመማል፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ተህዋሲው ደማቸው ውስጥ ገብቶ ለደም መመረዝ ይዳረጋሉ። የቱቦው ጥራትና ያስገባው ሰው የእጅ ንጽሕና ዋጋ አላቸው፤ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የቆየበት ቀን ብዛት ነው።

ቀኑ ለምን ይረዝማል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚያሳፍረውን መልስ የሰጠው በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሐኪሞችን «ከታካሚዎችህ ካቴተር ያለው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ካቴተር ከነበራቸው ታካሚዎች መካከል በ28 ከመቶው ላይ ሐኪሙ መኖሩን አያውቅም ነበር። በከፍተኛ ሐኪሞች ዘንድ አለማወቁ 38 ከመቶ ደረሰ። ለታካሚው ኃላፊነት ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ስለ ቱቦው ያለው ዕውቀት ቀነሰ ማለት ነው። ይህን በሐኪሞች ስንፍና ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው። ካቴተሩ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፣ ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ያስገባው ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የተረከበው ደግሞ ቱቦውን እንደ አልጋው አካል አድርጎ ይቀበለዋል። አንድ ዕቃ እንዲገባ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ እንዲቆይ ግን ማንም ማዘዝ አያስፈልገውም። ዝም ማለት በቂ ነው።

ስዊድን መመሪያ የላትም ማለት አይደለም። ሶሻልስቲረልሰን በ2006 በሕክምና ቦታ የሚያዙ ኢንፌክሽኖችን ስለ መከላከል ሰፊ የዕውቀት ሰነድ አውጥቷል። ነርሶች በየቀኑ የሚከፍቱት የሕክምና እጅ መጽሐፍ፣ ቮርድሃንድቡከን፣ የካቴተሩ ምክንያት፣ ዓይነትና ሊቆይ የታሰበበት ጊዜ እንዲመዘገብ ይመክራል። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ የጸናው የመሠረታዊ ንጽሕና ደንብ ደግሞ ሠራተኛው ክንዱን ከክርኑ በታች እንዲገልጥ፣ እጁን መቼና እንዴት እንዲያጸዳ ሳይቀር በግዴታ ይደነግጋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእጅ ንጽሕናው አስገዳጅ ደንብ ነው፤ የካቴተሩ የማብቂያ ቀን ግን ምክር ነው። ምክር በተረጋጋ ክፍል ይሠራል። ሌሊት ላይ ሁለት ሰው ተጓድሎ በሚሠራበት ክፍል መጀመሪያ የሚረሳው እርሱ ነው።

የአንድ ቀን ቆጠራውም ቢሆን ይህን ክፍተት አይሞላም። ቆጠራው ካቴተርን ከተጋላጭነት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ስለሚመዘግብ በዚያ ቀን ማን ካቴተር እንዳለው ይታወቃል። ሦስተኛ ቀኑ ይሁን ሃያኛ ቀኑ፣ ለምን እንደገባ፣ ትናንት መውጣት ይገባው እንደነበር ግን ፎቶግራፉ አይናገርም። ኢንፌክሽኖችንና የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን ለመከታተል የተዘረጋው ብሔራዊ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ኢንፌክሹንስቬርክቲየት፣ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ምክንያቱን ይጠይቃል። ካቴተር ሲገባ ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ቴክኒካዊ ተአምር አይሻም። የካሮሊንስካ ተመራማሪዎችም የሆስፒታል የሽንት መስመር ኢንፌክሽንን ከኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በራስ ሰር መከታተል የሚቻልበትን መንገድ ፈትነዋል። መረጃው በከፊል አለ፤ የሚያስተሳስረው ትእዛዝ ነው የጎደለው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «የተሻለ ቱቦ ብንገዛስ?» የሚል ሐሳብ መስማቱ አይቀርም። ሐሳቡ ለስዊድን እንግዳ አይደለም። በየጊዜው ገብቶ ወዲያው የሚወጣውን የሎፍሪክ ካቴተር በ1983 ለገበያ ያቀረበው የዚህ አገር ኢንዱስትሪ ነው፤ ራሳቸውን ለሚያስሸኑ የአከርካሪ ጉዳተኞች ይህ ዓይነቱ ቱቦ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ከስቶክሆልም በስተደቡብ በቱሊንጌ የሚገኘው ባክቲጋርድ ደግሞ ብር፣ ወርቅና ፓላዲየም ባለበት ስስ ሽፋን ይታወቃል። ነገር ግን በብር ቅይጥ የተሸፈኑ ካቴተሮች ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ሲውሉ ያላቸውን ጥቅም የመረመረውና በ2012 በላንሴት መጽሔት የወጣው የብሪታንያ ሙከራ ለገዢዎች መልካም ዜና አልነበረም። በ24 ሆስፒታሎች ከ7,000 በላይ ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። አንቲባዮቲክ ያስፈለገው ኢንፌክሽን የያዛቸው በብር ቅይጡ 12.5 ከመቶ፣ በተራው ቱቦ 12.6 ከመቶ ነበሩ። ሙከራው በገበያ ያለውን ሽፋን ሁሉ አልፈተነም፤ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ካቴተርም አይናገርም። ቢሆንም የክልሉን የግዢ በጀት ለሚመረምር ረዳት አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል፤ ውድ ቱቦ ሳያስፈልግ አምስት ቀን ከቆየ፣ ያለ ምክንያት የቆየ ቱቦ መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ፈተና ገንዘብ ነው። አሜሪካ ከኦክቶበር 2008 ጀምሮ የአረጋውያን የጤና መድኗ በሆስፒታል ለተያዘ የካቴተር ኢንፌክሽን ተጨማሪ ክፍያ እንዳይከፍል ወሰነች። በ2012 የታተመ ትልቅ ጥናት እርምጃው በኢንፌክሽኑ መጠን ላይ የሚለካ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። ስዊድን በሌላው ጫፍ ሄዳለች፤ ከ2011 እስከ 2014 መንግሥት የታካሚ ደኅንነት መስፈርቶችን ላሟሉ ክልሎች በስምምነት ገንዘብ ሰጥቷል፤ የኢንፌክሽን ቆጠራና የንጽሕና ደንብ አፈጻጸም ከመስፈርቶቹ መካከል ነበሩ። ስምምነቱ መለካትን ልማድ በማድረግ በኩል ዋጋ ነበረው። ነገር ግን የተለካው በቦታው ያለውን ኢንፌክሽንና የሠራተኛውን እጅ እንጂ ካቴተሩ የሚቆይበትን ቀን አልነበረም። ቅጣቱም ሽልማቱም ያረፈው በሒሳብ ክፍል ላይ ነው፤ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ «ይህ ለምን አልወጣም?» የሚለውን ሰው አልደረሰውም።

የደረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በ2010 የታተመ የጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ ማስታወሻ ወይም በተወሰነ ጊዜ ራሱ የሚያበቃ ትእዛዝ ሥራ ላይ በዋለበት ቦታ ከካቴተር የሚመጣ ኢንፌክሽን በግማሽ ያህል፣ በ52 ከመቶ፣ ቀንሷል። በ2016 የቀረበው ሌላው የአሜሪካ መርሐ ግብር 603 ሆስፒታሎችን አካቷል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውጭ በ1,000 የካቴተር ቀናት 2.28 የነበረው ኢንፌክሽን ወደ 1.54 ወርዷል። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ግን ለውጥ አልታየም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት መደበቅ አይገባም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ካቴተር ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ጥያቄው የሚያተርፈው በቀሪው ሆስፒታል፣ በተለይ በአረጋውያን፣ በውስጥ ደዌና በአጥንት ሕክምና ክፍሎች ነው።

እዚህ ላይ ከነርሶች የሚነሣ፣ ችላ ሊባል የማይገባ ተቃውሞ አለ። ካቴተሩ ቶሎ ይውጣ ማለት ቀላል ነው፤ ከወጣ በኋላ ያ ሰው መሽናት ቢያቅተውስ? የሽንት ፊኛ ከልክ በላይ ሞልቶ ሲወጠር ጡንቻው ሊጎዳ፣ ጉዳቱም ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በስዊድን የሕክምና መዝገቦች በናሙና ሲመረመሩ ይህ «ብሎስኤቨርፊልናድ» የሚባለው ጉዳት ራሱን ችሎ የሚቆጠረው በምክንያት ነው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ፣ ሕመም ማስታገሻ የወሰደ፣ ግራ የተጋባ አረጋዊ ፊኛው ከ500 ሚሊሊትር በላይ ይዞ እንኳ ላይናገር ይችላል። ካቴተር ቶሎ የማውጣት ፖሊሲ በየሰዓቱ የፊኛውን መጠን በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያና የሚለካበት ሰው ካልመደበ፣ አንዱን ጉዳት በሌላ መለወጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

በዚህ ረገድ ከስዊድን ራሷ የተገኘ ማስረጃ አለ። በኤሬብሩ የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች በሁለት ከፍሎ ያነጻጸረ፣ በ2013 የታተመ ሙከራ ለአንዱ ወገን ቋሚ ካቴተር፣ ለሌላው በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ እየገባ የሚወጣ ካቴተር ሰጠ። በኢንፌክሽን መጠን ልዩነት አልተገኘም። በየጊዜው የሚገባው የተሰጣቸው ግን ወደ ተለመደው አሸናናቸው ቀድመው ተመልሰዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መጠነኛ ነው፤ በዳሌ ቀዶ ሕክምና ቋሚ ካቴተር ብቸኛው አማራጭ አይደለም፤ አማራጩ ግን ነርሷን ብዙ ጊዜ ወደ አልጋው ይጠራታል። የነርስ ሰዓት ያልተበጀተለት መመሪያ የወረቀት መመሪያ ነው።

ስዊድን ለ1,000 ነዋሪ 2 አካባቢ የሆስፒታል አልጋ ያላት፣ በአውሮፓ ኅብረት በአልጋ ቁጥር ዝቅተኛ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። የጤናና እንክብካቤ ተቆጣጣሪው ኢቮ የአልጋና የሠራተኛ እጥረት ታካሚዎችን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ደጋግሞ አመልክቷል። በካቴተር ምክንያት ትኩሳት የተነሣበት ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ይራዘማል፤ አልጋው ለሚቀጥለው አይለቀቅም፤ የሚቀጥለው በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ይጠብቃል። እጥረቱ ካቴተሩን ያስረሳል፤ የተረሳው ካቴተር ደግሞ እጥረቱን ያባብሳል። ይህን ክበብ ለመስበር የትኛው ጫፍ እንደሚቀድም መከራከር ይቻላል። ካቴተሩ ቢያንስ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ለአንቲባዮቲክ ያለው አንድምታም ቀላል አይደለም። ስዊድን በ1995 በተመሠረተው የስትራማ እንቅስቃሴ አማካይነት አንቲባዮቲክን በመቆጠብ ስም ያተረፈች አገር ናት። አብዛኞቹን ፔኒሲሊኖችና ሴፋሎስፖሪኖች የሚሰብሩ፣ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል የሚያመነጩ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከ2007 ጀምሮ ሪፖርት መደረግ አለባቸው። ካቴተር ይህን ጥረት በሁለት መንገድ ይሸረሽረዋል። አንደኛው እውነተኛው ኢንፌክሽን ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይወራለት ነው፤ ካቴተር ያለበት ሰው ሽንት ሲመረመር ባክቴሪያ መገኘቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ሽንቱ ስለ ጨቀየ ወይም ስለ ሸተተ ብቻ ይመረመራል፤ «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ ምንም ያልታመመ ሰው መድኃኒት ይወስዳል። ባልገባ ካቴተር የሚመጣ እንዲህ ያለ ማዘዣ የለም።

ቱቦው ከሆስፒታሉ ደጅ ሲወጣ ደግሞ ጉዳዩ ከአስተዳደር ድንበር ጋር ይጋጫል። ከ1992ቱ የአረጋውያን እንክብካቤ ማሻሻያ በኋላ በአረጋውያን መኖሪያዎች የነርስ ደረጃ ሕክምና የማዘጋጃ ቤት ኃላፊነት ሆኗል። በቤት ውስጥ የሚሰጠው ሕክምና ግን፣ ከኖርቴልየ በስተቀር፣ በስቶክሆልም ክልል እጅ እንዳለ ነው፤ በሌሎቹ ክልሎች ወደ ማዘጋጃ ቤቶች ተዛውሯል። በዚህም ላይ ሆስፒታሎቹ አንድ ዓይነት የመዝገብ ሥርዓት አይጠቀሙም። በካፒዮ የሚተዳደረው የሳንክት ዮራን ሆስፒታል መዝገብ ከካሮሊንስካ የተለየ ነው። ካቴተር ይዞ ከሆስፒታል የወጣ የሰማንያ ዓመት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ኃላፊ ሊቀያየርበት ይችላል። «ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ ተሞክሮ ይውጣ» የሚል መስመር በመሸኛው ደብዳቤ ላይ ከሌለ፣ የሚቀጥለው ኃላፊ የሚያውቀው የሚቀየርበትን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በየጥቂት ወሩ እየተቀየረ ዓመት ይቆያል። ለምን እንደገባም ማንም አያስታውስም።

ይህ ድንበር በተለይ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ሰማንያን እየደፈኑ ነው። በኋላ ዕድሜ የተማሩት ስዊድንኛ በሕመምና በመርሳት በሽታ ቀድሞ ይሸሻል፤ የሚቀረው አማርኛው ወይም ትግርኛው ነው። ስለ ሽንት በልጅ ወይም በልጅ ልጅ አስተርጓሚነት ማውራት ደግሞ በዚህ ባህል ላደገ ሽማግሌ ነውር ነው፤ ዝም ማለትን ይመርጣል። አንዲት እናት «ይህን ነገር መቼ ነው የምታወጡልኝ?» ብላ ለመጠየቅ ባለሙያ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። በ2015 የጸናው የታካሚዎች ሕግ መረጃ በታካሚው የቋንቋ ሁኔታ ልክ እንዲሰጥ ያዛል። በ2022 የተፈረመው የቲዶ ስምምነት ግን የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት ላላቸው ሰዎች በሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል አስተርጓሚ እንዲገደብ ይጠይቃል። ጉዳዩ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በውሕደት ክርክር ውስጥ ነው፤ የታካሚ ደኅንነት ጉዳይም መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ካቴተሩን ሰው ሁሉ ሲረሳው፣ መኖሩን ፈጽሞ የማይረሳ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የተኛው ነው። የእርሱን ጥያቄ ማስቀረት የመጨረሻውን ማስታወሻ ማጥፋት ነው።

በአልጋው ማዶ የቆመችውም ረዳት ነርስ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ከረጢቱን የምታራግፈው፣ የሽንቱን መልክ የምታየው፣ ታካሚው ቱቦውን እየጎተተ ሲረበሽ የምትደርስለት እርሷ ናት። «ኡንደርሾተሽካ» የሚለው መጠሪያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሆኗል። የተጠበቀው መጠሪያ የተጠበቀ ድምፅ ይዞ አልመጣም። ቱቦው ምክንያት እንደሌለው ያስተዋለች ረዳት ነርስ ለነርሷ ትናገራለች፤ ነርሷ ሐኪሙን ትጠብቃለች፤ ዓርብ ከሰዓት ከሆነ ሰኞ ይደርሳል። ሦስት ቀን ማለት ነው። አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት መሠረት ምክንያቱ ያበቃውን ካቴተር ነርሷ በራሷ ውሳኔ እንድታወጣ መፍቀድ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል፤ ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶች ከፊሉ የመጡትም በዚሁ መንገድ ነው።

ለሪክስዳግ ረዳቶች የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ጠባብ ነው። ሶሻልስቲረልሰን የካቴተርን ምክንያትና የማብቂያ ቀን መመዝገብን ከምክር ወደ አስገዳጅ ደንብ እንዲያሳድግ፣ ቀኑ ሲያልፍም ትእዛዙ በግልጽ ካልታደሰ ነርሷ እንድታወጣ ደንቡ እንዲፈቅድ መንግሥት ሥራውን ሊሰጠው ይችላል። ለክልሉ ምክር ቤት ረዳቶች መንገዱ የበለጠ ያጠረ ነው፤ ክልሉ ከሆስፒታሎቹ ጋር በሚያደርገው ስምምነት የካቴተር ቀናትን ሪፖርት ማድረግን ማካተት፣ ከዚያም ጋር የፊኛ መለኪያ መሣሪያ በየክፍሉ እንዲኖርና ሌሊትም እንዲሠራበት መጠየቅ ይችላል። የመሸኛ ደብዳቤው ጉዳይ ሁለቱንም ወገን ይመለከታል፤ ምክንያቱና ቀኑ ታካሚውን ተከትሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ካልተሻገረ የሆስፒታሉ ጥረት ደጃፍ ላይ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንፌክሽን በ1,000 የካቴተር ቀናት ብቻ ሲለካ በደንብ የሚሠራ ሆስፒታል የከፋ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የማያስፈልጉትን ቱቦዎች ስላወጣ የቀሩት በጠና የታመሙት ናቸውና። ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ጎን ከጠቅላላው የታካሚ ቀናት ስንቱ የካቴተር ቀን እንደሆነ መታተም አለበት። የፊኛ መወጠር ጉዳትም አብሮ ካልወጣ፣ አንዱን ቁጥር ለማሳመር ሌላውን ማበላሸት ይቻላል። ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ይውጡ።

የክልልና የሪክስዳግ ምርጫ በሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ይካሄዳል። እስከዚያ ድረስ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። ካሮሊንስካ፣ ሶደርሹክሁሴትና ዳንደሪድ ለሕዝብ ሰነድ ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በሶልናና በሁዲንጌ የአረጋውያንና የአጥንት ሕክምና ክፍሎች ባለፈው ዓመት የገቡት ካቴተሮች ቁጥር፣ የቆዩባቸው ቀናትና የማብቂያ ቀን የተጻፈላቸው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ አጭር ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩ ከመጣ ለክርክሩ መነሻ ይሆናል፤ «አልተመዘገበም» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ደብዳቤው ከነመልሱ በቀጥታ ለክልሉ የጤና ኮሚቴ አጀንዳ ሊቀርብ ይችላል።